መርዶው ማስረጃ የሆነበት ቀን

ባለፈው ዓመት ማኅተሜን ለትርጉም ጽሕፈት ቤቱ አስረክቤ ከሥራ ወጣሁ። ጡረታ የሚለውን ቃል የምጠቀመው በተውሶ ነው፤ የስንብት ደብዳቤም የአበል ደብተርም የለኝም። ግራ ዐይኔን ሞራ ሲጋርደው፣ የብዕርን ጫና በብርሃን ማየት ያቃተው ሰው ሰነድ መርምሮ መፈረም እንደማይገባው ራሴ ወሰንሁ። የጽሕፈት ቤቱ ወራሾች ሻይ ጋበዙኝና አንደኛው ስለ ሥራ ዘመኔ ጥቂት እንድጽፍላቸው በዐረብኛ ለመነኝ። እኔ ግን በአማርኛ ጻፍሁት፤ ሊያነበው የሚገባው ሰው የአማርኛ አንባቢ ነውና።

በካርቱም ወደ ሃያ ዓመት ስኖር ስለ ሥራዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የዝምታዬ ግማሹ የሙያው ግዴታ ነበር። ሌላው ግማሽ ከሙያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረውም፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እርሱ ነው።

ወደ ሱዳን ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ላይ የብራና መጻሕፍትን እመረምርና እመዘግብ ነበር። የአንዱን ጸሐፊ እጅ ከሌላው መለየት፣ የቀለምን ዕድሜ መገመት፣ ተፍቆ በሌላ የተተካ ስም ፈልጎ ማግኘት የዕለት ሥራዬ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በመተማ በኩል ወጣሁ። ገዳሪፍ ላይ አንድ ዓመት ያህል ለስደተኞች ደብዳቤ ጸሐፊና አንባቢ ሆኜ ሠራሁ፤ ክፍያዬ አንዳንዴ ሣንቲም፣ ብዙ ጊዜ ምሳ ነበር።

በዚያ ዓመት ያገኘሁትን ትምህርት በየትኛውም ጉባኤ አላገኘሁትም። የአገራችን ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቤት ነው። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ይነበባልና ሰሚው ሁሉ የራሱን ስም ይጠብቃል። ስሙ የተዘለለ አጎት ያኮርፋል፤ የተዘለለች ጎረቤት «ምን በድዬው ነው?» ትላለች። ስለዚህ ሰላምታው ገጹን ይሞላና ዋናው ጉዳይ ወረቀቱን አዙሮ በኅዳጉ ላይ ተጣቦ ይጻፋል።

ካርቱም ስገባ ሥራ የሰጠኝ ኡስታዝ ዐብዱልባጊ ነው። ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ጀርባ፣ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት በማይርቅበት መንገድ ላይ፣ ሁለት ክፍል ያለው የትርጉም ጽሕፈት ቤት ነበረው። ፍርድ ቤትም ፖሊስም ሰነድ ይልኩለት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጣሙ ሁልጊዜ እንደ ወተት የነጣ ሰው ነበር። ከእርሱ የተማርሁት ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው።

ወረቀት ሲመጣለት አስቀድሞ እጁን ይታጠባል፤ ጣቶቹን ዘርግቶም እስኪደርቁ ይጠብቃል። ከዚያ ደብዳቤውን ደፍቶ ጀርባውን በጣቱ ጫፍ ይዳብሳል። የራሱን ነገር የሚጽፍ ሰው ብዕሩን አንዴ ይጫናል፣ አንዴ ያላላል። የሌላውን እጅ የሚቀዳ ግን ፊደሉ እንዳያመልጠው ስለሚፈራ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይጫናል፤ በየመካከሉም ብዕሩን አንሥቶ ያርፋል። ቀጥሎ እጥፋቱን ያያል። ቀለሙ በእጥፋቱ ስንጥቅ ውስጥ ከፈሰሰ ወረቀቱ ታጥፎ ከቆየ በኋላ ተጽፎበታል ማለት ነው። ይዘቱን የሚያነበው ከሁሉ መጨረሻ ነበር።

«አንተ ምሁር ነህ፤ ክፉ ልማድህም ይኸው ነው» ይለኝ ነበር። «ወረቀት ስታገኝ ታነባለህ። ያነበብኸው ደግሞ ዐይንህን እየጎተተ ይወስደዋል።»

ሌላም ልማድ ነበረው። አንድ ሰነድ ሳያድር አይፈርምበትም፤ ሲፈርምም «ትክክለኛ ነው» ብሎ አይጽፍም። «የምጥልበት ምክንያት አላገኘሁበትም» ብሎ ይጽፋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ትክክለኛ ነው ማለት የሚችለው ሲጻፍ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። አንተ ተቀምጠህ ነበር?» አለኝ።

በአገራችንና በሰሜን ጎረቤታችን መካከል የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣው ወረቀት ዐይነቱን ለወጠ። ስለ ጦርነቱ የሰማሁትን አልጽፍም፤ ያየሁት የሰላዮችን ወረቀት ብቻ ነው። የተማረከ ነው የተባለ ትእዛዝ፣ በአውቶቡስ ላይ ተረስቶ ተገኘ የተባለ ማስታወሻ፣ ወታደር ለእናቱ ጻፈው የተባለ ደብዳቤ። እነዚህ ሁሉ ካርቱም ላይ የሚጣሉት የሱዳን ሰዎች እንዲያነሧቸውና ከአንዱ ወገን ጋር እንዲጣሉ ነበር። ያነሷቸውን ወረቀቶች ወደ እኛ ይዞ የሚመጣው አንድ መኮንን ነው። ማዕረጉን «ሙቀደም» እያልን ከመጥራት በቀር ስሙን አላውቅም፤ ባውቀውም አልጽፈውም።

የመጀመሪያውን የወታደር ደብዳቤ ሳየው ሐሰት መሆኑን ለመናገር ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሁለት መስመር ሰላምታ ካቀረበ በኋላ በሦስተኛው የታንኮችን ብዛት ይዘረዝራል። «እናቱን እንዲህ ሰላም የሚል የእኛ አገር ልጅ የለም» አልሁ። ሙቀደሙ ሳቀ፤ ተደነቀም። ሐሰተኛ ደብዳቤ የሚለይባቸውን ምልክቶች በጽሑፍ እንዳቀርብለት አዘዘኝ። አራት ገጽ ጻፍሁለት። እንደ ትልቅ ጥናት ነበር የደከምሁበት። አንዱ አንቀጽ፣ «ቀጣፊ ጸሐፊ የቤቱን ሰው በሙሉ ስለማያውቅ የሞተ ሰው ሰላም ይላል» የሚል ነበር። ኡስታዝ አንብቦት፣ «ጥሩ አድርገህ አስተምረሃል። ማንን እንዳስተማርህ ግን አታውቅም» ብሎ መለሰልኝ። ቅናት መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኡስታዝ ለሐጅ በሄደበት ሳምንት፣ ሙቀደሙ ሌላ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የጸሐፊው ስም ሰይድ ይማም ይላል። ሰይድን ካርቱም ያለ የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሱቅ ዐረቢ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ወደ አገር ቤት የሚልኩትን ዕቃና ደብዳቤ በሾፌሮች በኩል የሚያደርሰውም እርሱ ነበር። ደብዳቤው ለወንድሙ የተጻፈ ነው። «የላክሃቸውን እንግዶች ማዮ ሰፈር ውስጥ አሳርፌአቸዋለሁ፤ ዕቃቸውም ተደብቋል፤ ቀኑን ብቻ ላክልኝ» ይላል። በጦርነት ጊዜ እንዲህ የሚጽፍ ሰው መጨረሻው የታወቀ ነው። ሰይድ ተይዞ ነበር።

እጄን ታጠብሁ። ወረቀቱን ግን አልደፋሁትም፤ አነበብሁት።

ሰላምታው ሙሉ ገጽ ነበር። የወንድሙን ሚስት፣ አክስቱን፣ የመስጊዱን ኢማም፣ ጎረቤቶቹን በየተራ ይጠራል። እናቱ ግን የሉም። ይህን ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ምርመራዬን የምፈትንበት ነጥብ አገኘሁ። ሱቅ ዐረቢ ወርጄ አንዱን የኮምቦልቻ ሾፌር በነገር መሐል፣ «የሰይድ እናት እንዴት ናቸው?» አልሁት። «ኧረ በረመዳን ዐረፉ! አልሰሙም?» አለኝ። ደብዳቤው የተጻፈው ከረመዳን ሁለት ወር በኋላ ነው። ቀጣፊ ቢሆን የሞቱትን ሰላም ይል ነበር፤ ይህ ግን አላለም። ስለዚህ የቤት ሰው ነው የጻፈው አልሁ።

በኋላ ጀርባውን ስዳብሰው ጫናው እኩል ነበር፤ ብዕሩም በማይነሣበት ቦታ ተነሥቷል። ሰይድ በቅርቡ ሶባ ሆስፒታል ሆዱን ተቀዶ እንደነበር አውቃለሁና፣ «እጁ የደከመው ከሕመሙ ነው» ብዬ አለፍሁት። ሙቀደሙ ቸኩሎ ነበር። ሳላሳድር በዚያው ቀን «ትክክለኛ ነው» ብዬ ጻፍሁና ማኅተሜን መታሁበት።

ኡስታዝ በተመለሰ ሳምንት ሐዋ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣች። ሐዋ በአንድ ነጋዴ ቤት ለብዙ ዓመት ያገለገለች፣ ለወሎ ሴቶች እንደ ታላቅ እኅት የሆነች ሴት ናት። በር ላይ ቆማ መናገር ጀመረች።

«ጋሼ፣ አንቱ ከነዚህ የመንግሥት ሰዎች ጋር ይተዋወቃሉ ይባላል። ለሰይድ አንድ ቃል ይበሉለት፤ ወላሂ ሰላይ አይደለም! ሰላይ ቢሆን የእኔን ምስጢር አውጥቶ ከአሠሪዬ ቤት ባስባረረኝ ነበር።»

«የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ ሐዋ። እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«አቅም የለኝም ይሉና ጢም ያሳድጋሉ» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚያሳዝነኝ መርዶውን እንኳ ሳይሰማ መያዙ ነው።»

«የምን መርዶ?»

«የእናቱን ነዋ! ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ቁስሉ እስኪሽር አይነገረው አሉ። እንዳይነግሩትም ሾፌሩን ሁሉ አስማልነው። ሊነገረው ሦስት ቀን ሲቀር ወሰዱት።»

ብዕሬን አስቀምጬ የደብዳቤውን ሰላምታ በልቤ ከመጀመሪያው ቆጠርሁት።

እናቱ መሞታቸውን የማያውቅ ልጅ እናቱን ሳይጠራ ደብዳቤ አይጽፍም። ከሁሉ በፊት የሚጠራው እርሳቸውን ነው። ደብዳቤውን የጻፈው መሞታቸውን የሚያውቅ፣ ሰይድ አለማወቁን ግን የማያውቅ ሰው ነው። ኮምቦልቻ ድረስ አጣርቶ፣ የእኔን አራት ገጽ እየተከተለ፣ የሞተ ሰው ሰላም እንዳይል ተጠንቅቆ ጽፏል። ሾፌሩ ለምን አልነገረኝም ብዬ ልቆጣ አልቻልሁም፤ መርዶ እንደሚደበቅ ለአገሬ ሰው ማን ይነግረዋል? የገዛ አባቴን ሞት እኔ ራሴ የሰማሁት ካረፉ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው።

ለኡስታዝ ሁሉን ነገርሁት። የፈረምሁበትን ቅጂ አስመጥቶ «ትክክለኛ» በሚለው ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«በዚህ ቃል ምክንያት የታሰረው ማን ነው?»

«ሰይድ።»

«እንግዲያው ተነሥ» አለኝ።

ሙቀደሙ ዘንድ ሄድን፤ አዳመጠን። ሰነዱ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ጦር ፍርድ ቤት እንደሚያልፍ ነገረን። የአራቱ ገጽ ጽሑፌ ቅጂ ለማን እንደተሰጠም ጠየቅሁት።

«ለወዳጆች» አለ።

«የትኞቹ ወዳጆች?»

«የዚያን ወር ወዳጆች።» ሲጋራውን ተረኮሰ። «አሁን እኔ ምን ይዤ ልመለስ? ትናንት ትክክለኛ ነው አልኸኝ፤ ዛሬ ሐሰት ነው ትላለህ። ሰውዬው የእናቱን ሞት አላወቀም የምትለኝ በአንዲት ሴት ቃል ነው። መልካም፤ ካላወቀ ንገረው። በፊቴ ንገረውና ፊቱን ልየው።»

ኡስታዝ ተቃወመ። «ይህ ለእነርሱ ወግ ነው፤ መሣሪያ አይደለም» አለው። ሙቀደሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «ያላ፣ ነገ ጠዋት ሴትዮዋን ይዛችሁ ኑ።»

መርዶ በእኛ ዘንድ ማለዳ፣ በገዛ ቤት፣ በሽማግሌ አንደበት ይነገራል። ሰሚው ራሱን እንዳይጎዳ በግራና በቀኝ የሚይዙት ሰዎች ይቆማሉ። በማግስቱ የገባንበት ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና የሚንጫጫ ማራገቢያ ነበረው። ሰይድን አመጡት። ከስቷል፤ አንድ እጁ የቁስሉ ቦታ ላይ ነው። እኛን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ሐዋ! አንቺም ታሰርሽ እንዴ?»

«እኔን ማን ያስራል፤ ምሳቸውን ማን ይሠራላቸዋል?» አለች።

«ጋሽ መምህር፣ ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ ሊድሩኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለእናቴ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። እጁ ታሞ ነው ያልጻፈልሽ ይበሉልኝ። ታሰረ ያሏት እንደሆነ ትሞትብኛለች።»

ለሙቀደሙ ቃል በቃል ተረጎምሁለት። ይበቃል ብዬ ዐይን ዐይኑን አየሁት።

«ጎበዝ ተዋናይ ሁሉ እናት አለው» አለኝ። «ንገረው።»

«ሰይድ» አልሁ። «እናትህ ዐርፈዋል።»

«የማን እናት?»

ወደ ሐዋ ዞረ። ሐዋ ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን መምታት ጀምራ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚይዘው ሰው አልነበረም፤ ኡስታዝ ነበር ጥምጣሙ እየተፈታ አጠገቡ የተንበረከከው።

«መቼ?» አለ።

«በረመዳን።»

ጣቶቹን ቆጠረ። «ቶቡስ? ሐዋ፣ ለዐረፋ የሰጠሁሽ ቶብ? ደርሷል፣ መርቃሃለች ብለሽኝ የለም?»

«ዋሸሁህ፣ ወንድሜ! ሳጥኔ ውስጥ ነው ያለው። አውፍ በለኝ!»

ሙቀደሙ ምን እንደሚባባሉ ጠየቀኝ። ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ያ ረጅም ልብስ፣ ሰይድ ለዐረፋ በዓል ለእናቱ እንደገዛላቸውና ሐዋ መርዶውን ለመደበቅ ተቀብላ እንዳስቀመጠችው ነገርሁት። ሙቀደሙ ከመቀመጫው ተነሣ። ልብሱን እንድታመጣ ሐዋን በመኪና አስይዞ ላካት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥቅሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ በሰይድ እጅ፣ «እናቴ፣ ለዐረፋ ልበሺው፤ ዱዓ አድርጊልኝ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀኑም ከደብዳቤው ቀን አራት ቀን ይዘገያል። ብዕሩ አንዴ ተጭኗል፣ አንዴ ላልቷል።

ሙቀደሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ይህን ለምን አስቀድማችሁ አላመጣችሁልኝም?» አለ።

ኡስታዝ እኔን አየኝ። ሐዋን አልጠየቅኋትም ነበር። «ለዚህ ቃልሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» ብላት ኖሮ ጥቅሉን በዚያው ቀን ታመጣልኝ ነበር፤ ሰይድም መርዶውን እዚያ ወለል ላይ ባልሰማ። የሌሎችን ወረቀት ሐሰት እያልሁ የኖርሁ ሰው፣ በአንድ ጥያቄ ስስት አንድን ልጅ ሁለት ጊዜ በደልሁ።

ከወር በኋላ ተፈታ። ደብዳቤውን ከሁለቱ ወገኖች የትኛው እንዳሠራው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤቱ ለቅሶ ሲቀመጥ ሄድሁ። ስገባ ከምንጣፉ ተነሥቶ እጄን ሳመ። «እኚህ ሰው ባይኖሩ አጥንቴም አይገኝም ነበር» አለ ለተቀመጠው ሁሉ። ሰዎቹ መረቁኝ። ማኅተሙ የማን እንደነበር አላወቁም። አሜን አልሁ።

ኡስታዝ ሊነግረው ይችል ነበር። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን የምትነግረው አንተ ነህ።» ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ጉዳዩን አላነሣብኝም። እኔም ዘጠኝ ዓመት በሰይድ ምስጋና ኖርሁ። በበዓል ሥጋ ይልክልኝ ነበር፤ እበላ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ሰይድ አሁን ወደሚነግድበት ወደ ሶባ በሚኒባስ ሄድሁ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት፤ አራቱን ገጽ፣ ያልደፋሁትን ወረቀት፣ «ትክክለኛ» ያልሁበትን ቃል። የያዘውን የመኪና ቀበቶ ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለና እጁን ጠረገ።

«ብቻዎን መጡ?»

«ብቻዬን።»

«እንዲህ ያለ ነገር በሱቅ በር ቆሞ አይነገርም፣ ጋሽ መምህር። አንድ ጊዜ እንዲህ ነግረውኛል፤ ይበቃኛል። ዓርብ ማለዳ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወደ ቤቴ ይምጡ። ሐዋም ትኑር።»

ዓርብ ማለዳ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄድሁ። ሚስቱና ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ ሐዋ በር አጠገብ ናት። ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳላስቀር እንደገና ተናገርሁ። ስጨርስ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ተነሥተው ሰይድን በግራና በቀኝ ያዙት።

«እኔን ተዉኝ» አላቸው። «እሳቸውን ያዟቸው።»